የዕውቀት አያያዝ የአነስተኛ ፈጣሪ ድርጅትን ውጤት ይለውጣል ወይስ ወረቀት ማብዛት ነው?

ሙከራ ቤት (ጥያቄ)

ሰላም ለመድረኩ። ከ10 እስከ 20 ሠራተኛ ስላላቸውና በየጊዜው አዲስ ምርት ወይም አዲስ አሠራር ስለሚሞክሩ ድርጅቶች ነው የምጠይቀው። «የዕውቀት አያያዝ (ሠራተኛው ያወቀውንና የተማረውን ሌላው እንዲጠቀምበት ማስቀመጥና ማጋራት) ውጤት ያሻሽላል» የሚለው ነገር በየሥልጠናው ይነገራል። ሥልጠናው ሲያልቅ ግን የሚቀረው አንድ የጋራ ፎልደርና ማንም የማይከፍታቸው ፋይሎች ናቸው። ሦስት ነገር ግልጽ ቢሆንልኝ፦ ውጤቱ የሚመጣው በየት በኩል ነው? ሶፍትዌር ሳይገዛ ከምን ይጀመራል? ሠራ ወይም አልሠራም ለማለትስ ምን ይለካል? በደፈናው «ባህል ገንቡ» የሚል መልስ ይቅርብኝ፣ ዝርዝሩን ነው የምፈልገው።

ብራና ጠባቂ

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዕውቀት መያዝ ብቻውን ትርፍ አያመጣም። ሥራው አንድ ነው፦ ቀጣዩ ሙከራ ከባዶ እንዳይጀመር ማድረግ። ከባዶ ካልተጀመረ የተደገመ ስህተት ይቀንሳል፣ አዲሱ ምርት ገበያ ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ ገቢው የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ መጨረሻው ዜሮ ነው። ፋይሉ ተጽፎ ሙከራውን የሚያደርገው ሰው ሳያየው ከቀረ፣ ድርጅቱ ለመጻፍ ያጠፋውን ሰዓት ከስሮ ቁጭ ይላል።

የኦኢሲዲና (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የዩሮስታት (የአውሮፓ ኅብረት ስታቲስቲክስ ቢሮ) የኦስሎ መመሪያ በ2018 በወጣው 4ኛ እትሙ ፈጠራን ሲተረጉም አንድ ነገር ያጠብቃል፦ ምርቱ ወይም አሠራሩ ከቀድሞው ጎልቶ መለየቱ አይበቃም፣ ለተጠቃሚ መቅረብ ወይም ሥራ ላይ መዋል አለበት። በማስታወሻ ደብተር ያለ ሐሳብ ፈጠራ ተብሎ አይቆጠርም ማለት ነው። ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ኮኸንና ሌቪንታል በ1990 «የመቅሰም አቅም» (አዲስ ዕውቀትን ከውጭ ወስዶ የመጠቀም ችሎታ) ያሉትን ነገር ዛህራና ጆርጅ በ2002 ለሁለት ከፈሉት፦ ከውጭ ማግኘትና መረዳት በአንድ ወገን፣ ወደ ራስ ሥራ መለወጥና መጠቀም በሌላ ወገን። አነስተኛ ድርጅት ባለቤቱ ደንበኛውንም አቅራቢውንም በአካል ስለሚያገኝ በመጀመሪያው አይታማም። ጉድለቱ ሁለተኛው ላይ ነው፤ አቅራቢው የነገረው ነገር ባለቤቱ ጆሮ ላይ ቀርቶ ማምረቻ ክፍል ሳይደርስ ይሰነብታል።

ዕቃ ግምጃ ቤት

አባቶች በአንድ መስመር ጨርሰውታል፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ጻፉ፣ አስቀምጡ፣ አለቀ።

ስሌት

@ዕቃ ግምጃ ቤት ወንድሜ፣ የአባባሉ የመጀመሪያ አጋማሽ በቁጥርም የታየ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሳይታሽ የሚታለፍ አይደለም።

መረሳቱን እንይ። ቲ. ፒ. ራይት የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1936 ባወጣው የማምረቻ ስሌት፣ ጠቅላላ የተመረተው ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንዱ የሚያስፈልገው የሰው ጉልበት ወጪ ወደ 20 በመቶ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ይህ መማር አንዴ ከመጣ የማይሄድ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ተመራማሪዎቹ አርጎቲ፣ ቤክማንና ኤፕል በ1990 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ በብዛት የተሠሩትን ሊበርቲ የተባሉ የጭነት መርከቦች መረጃ ሲመረምሩ ያገኙት ግን መማሩ በፍጥነት እንደሚተን ነው፤ ካለፈው ዓመት ልምድ ይልቅ የቅርብ ወራቱ ነው ውጤቱን የሚወስነው። ሌላም አለ፦ ዘግይተው የጀመሩ የመርከብ ማምረቻዎች ቀድመው ከጀመሩት የተማሩት በመነሻቸው ላይ ብቻ ነበር፤ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከሌላው የወሰዱት ነገር አልታየም።

ለአነስተኛ ድርጅት ትርጉሙ ይህ ነው፦ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመረት ምርት ካላችሁ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እጃችሁ ግማሹን ረስቷል። መጻፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በየቀኑ ለሚሠራው ሳይሆን አልፎ አልፎ ለሚሠራው ሥራ ነው። ሰው ግን የሚጽፈው የየቀኑን ነው፣ ምክንያቱም እሱ ይቀናል።

ስለመወረሱ ደግሞ፦ ማንም ያልከፈተው ሰነድ ወራሽ የሌለው ርስት ነው። ተመራማሪው ዙላንስኪ በ1996 በድርጅቶች ውስጥ አሠራር ከክፍል ወደ ክፍል ለምን እንደማይሻገር ሲያጠና፣ ከሰዎች ፍላጎት ማጣት ይልቅ ጎልተው የወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ተቀባዩ የሚቀስምበት መሠረት አለመኖሩ፣ አሠራሩ ለምን እንደሚሠራ በግልጽ አለመታወቁና በሰጪና ተቀባይ መካከል ያለው ግንኙነት አስቸጋሪ መሆኑ። ሁለተኛውን ያዙልኝ፤ «ለምን» ካልተጻፈ «እንዴት» ብቻውን አይሻገርም።

ባች 41

ስሌት ያለውን «ለምን» በአንድ ምሳሌ ላሳይ፣ በፈሳሽ ሳሙና። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ የኬሚካሉ ባሕርይ ግን እውነተኛ ነው።

70 በመቶ የሆነው የኤስኤልኢኤስ (የሳሙናው ዋና አጣቢና አረፋ ሰጪ ኬሚካል) ፔስት ከቀጠነ በኋላ የሚወፍረው በጨው ነው። ጨው ሲጨመር ውፍረቱ ይወጣል፣ አንድ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ ሲጨመር ተመልሶ ይቀጥናል። ጫፉ ከ1 እስከ 3 በመቶ ጨው አካባቢ ይውላል፤ ሽቶው፣ ሌሎች ጭማሪዎችና የጥሬ ዕቃው ሎት (በአንድ ጊዜ የተመረተው ክፍል) ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱታል። ይህን የማያውቅ ሰው የቀጠነ ባች (የአንድ ዙር ድብልቅ) ሲያይ ጨው ይጨምራል፣ ይብስ ይቀጥናል፣ አሁንም ይጨምራል። መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ በውሃ ወይም ጨው ባልገባበት ድብልቅ አቅልሎ ወደ ጫፉ መመለስ።

መጥፎ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ጨው 2 በመቶ፣ አሪፍ ሆነ።»

የሚጠቅመው ይህን ይመስላል፦

«ሙከራ 41። የተለወጠው፦ ሽቶ ከ0.3 ወደ 0.5 በመቶ። ያልተለወጠው፦ ኤስኤልኢኤስ 10 በመቶ (የሎት ቁጥሩ ተያይዟል)፣ ፒኤች 6.5፣ ልኬት በ25 ዲግሪ። ጨው በ0.2 በመቶ እርምጃ ገባ። ጫፍ 1.8 ላይ፣ በ2.0 ቀጠነ። በሙከራ 33 ጫፉ 2.2 ነበር። ውሳኔ፦ የጨው ጣሪያ 1.6። ምክንያት፦ ጫፉ ላይ መቆም አደገኛ ነው፣ ትንሽ የሚዛን ስህተት ወደ ታችኛው ወገን ይጥላል። እንደገና የሚታየው፦ የሽቶ አቅራቢ ሲቀየር።»

ይህን መጻፍ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። የመጨረሻዋ መስመር በብዛት የምትዘለለዋ ናት፤ ያለ እሷ ግን ውሳኔው ዘላለማዊ ሕግ ይሆናል። ሽቶው ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሆኖት ሰው አሁንም «ከ1.6 አትለፍ» እያለ ይኖራል፣ ለምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ።

ሌላ ምሳሌ፦ የአይሶቲያዞሊኖን ዓይነት ፕሪዘርቫቲቭ (ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) ሙቀት ይጎዳዋል፣ ስለዚህ የሚገባው ድብልቁ ከበረደ በኋላ ነው። መመሪያው «መጨረሻ ላይ ጨምር» ብቻ ካለ፣ የቸኮለ ሠራተኛ መጨረሻ ላይ ግን በትኩሱ ይጨምረዋል። ምርቱ በዕለቱ ምንም አይመስልም፤ የሚበላሸው ከሳምንታት በኋላ መደርደሪያ ላይ ነው። ስህተቱና ውጤቱ በጊዜ ሲራራቁ ማንም ሰው ከልምድ አይማረውም፤ እንዲህ ያለው ነገር የግድ ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። ስህተቱ ወዲያው የሚታይ ከሆነ ግን (ለምሳሌ ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ) ባይጻፍም እጅ ራሱ ያስተምራል።

ሙከራ ቤት

@ባች 41 በጣም አመሰግናለሁ። መዝገቡ ምን ምን ዓምድ ይኑረው? ኤክሴል ይበቃል?

ባች 41

ይበቃል። ደብተርም ይበቃል፣ ገጹ ቁጥር ካለው። ስምንት ቦታ፦ ተከታታይ ቁጥር፣ ቀንና የሠራው ሰው፣ ምን ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ሳይለወጥ ቀረ፣ ውጤት በቁጥር፣ ውሳኔ ከነምክንያቱ፣ እንደገና የሚታይበት ሁኔታ።

«ምን ተጠበቀ» የሚለው ከሙከራው በፊት ይሞላ። በኋላ ከተሞላ ሁሉም ሰው ውጤቱን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል፣ መዝገቡም ምንም አያስተምርም። ቁጥሩ ሳይዘለል ይቀጥል፣ የከሸፈውም ቁጥር ይወስዳል። ከ37 ወደ 39 ከተዘለለ 38 የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጻፈው 38 የከሸፈው ነው፣ ሌላው ሰው ሊደግመው ያለውም እሱኑ ነው።

የተዘለለ መዝገብ በማግስቱ አይሞላ። በማግስቱ የሚጻፈው የተደረገው ሳይሆን መደረግ የነበረበት ነው።

ደረጃ በደረጃ

ከምን ይጀመር ለሚለው፣ ከሰነድ ሳይሆን ከሠንጠረዥ። በአንድ በኩል ሥራዎቹ (በ15 ሰው ድርጅት ከ20 እስከ 30 ይሆናሉ)፣ በሌላው በኩል ሰዎቹ። በየሳጥኑ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፦ 0 አያውቅም፣ 1 እየታገዘ ይሠራል፣ 2 ብቻውን ይሠራል፣ 3 ሲበላሽ ያስተካክላል፣ ለሌላም ያሳያል። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

ከዚያ አንድ 3 ብቻ ያለበትን፣ ሌላው ሁሉ 0 ወይም 1 የሆነበትን ረድፍ በቀይ አቅልሙ። ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ረድፍ ይቀላል፣ ግማሹም ባለቤቱ ራሱ ላይ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉን በሦስት ጥያቄ አውጡ፦ ሰውየው ነገ ባይኖር ሥራው በስንት ቀን ይቆማል? የመሄዱ ዕድል ምን ያህል ነው? ሌላ ሰው በሙከራ ለመድረስ ስንት ሳምንት ይፈጅበታል? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረድፎች ብቻ ያዙ። ሠላሳውንም ለመጻፍ የተነሳ ድርጅት በሦስተኛው ሳምንት ያቆማል።

ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ይዋሻል። ሰው 1 መባል አይወድም፣ አለቃውም ደስ እንዲለው 2 ይሞላል። ስለዚህ 2 የሚሰጠው ሥራውን ሌላ ሰው ሳያግዘው አንዴ ሠርቶ ሲታይ ብቻ ይሁን።

ቃለ መጠይቅ

እነዚህ ሦስት ረድፎች ውስጥ ያለው ዕውቀት ደግሞ ባለሙያው ጋ ሄዶ «የምታውቀውን ጻፍልን» በማለት አይወጣም። ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ሁለቱም ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ የተካነው ነገር እንደ ዕውቀት አይሰማውም።

የሚሠራው በጉዳይ መጠየቅ ነው። ክላይንና ባልደረቦቹ በ1989 ወሳኝ ውሳኔዎችን ለመመርመር ያስተዋወቁት ዘዴ ለዚህ ይመቻል፣ ለአነስተኛ ድርጅት ሲቀልል እንዲህ ይሆናል፦ «ለመጨረሻ ጊዜ የተበላሸው መቼ ነው? መጀመሪያ ያየኸው ምልክት ምን ነበር? ያን ጊዜ ሌላ ምን አማራጭ ነበረህ? ለምን ተውከው? አዲስ ሰው ቢሆን ምን ይሳሳት ነበር?» ሠላሳ ደቂቃ፣ በስልክ ድምፅ እየተቀዳ፣ ማሽኑ ወይም ዕቃው ፊት ለፊት ቆሞ። ቢሮ ውስጥ ከሆነ እጁ የሚያውቀው አይወጣም። ከቀረጻው የሚወጣው ረጅም ጽሑፍ ሳይሆን ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው፦ ይህን ካየህ፣ ይህን አድርግ፣ ምክንያቱም።

መመሪያውን የሚጽፈው ባለሙያው ባይሆን ይመረጣል። የሚማረው ሰው ይጻፈው፣ ባለሙያው ያርመው፣ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ጽሑፉን ብቻ ይዞ ይሥራው። ባለሙያው ዝም ብሎ ቆሞ ያያል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ። ሠሪው የቆመበት ወይም የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ የጎደለበት ቦታ ነው።

ጨርሶ የማይጻፍም አለ። በ1985 ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች መሐንዲሶች የቤት ውስጥ ዳቦ መጋገሪያ ሲሠሩ ሊጡ በትክክል አልታሽ ብሏቸው፣ የዳቦው ውጭ ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀር ነበር። ኢኩኮ ታናካ የተባለች የሶፍትዌር ባለሙያ በኦሳካ የአንድ ሆቴል ዋና ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ገብታ ስትማር ሰውየው ሊጡን በተለየ መንገድ እየጠመዘዘ እንደሚስበው አየች፤ ማሽኑ ውስጥ ጎድጎድና ወጣ ያሉ መስመሮች የተጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የጃፓኑ የአስተዳደር ተመራማሪ ኖናካ ይህን ምሳሌ ያነሳው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ዕውቀት መጀመሪያ አብሮ በመሥራት እንደሚያዝ ለማሳየት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን መቀመጥ ከ20 ገጽ ይሻላል።

ጥርጣሬ

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ነው የምትሉት፣ ግን ሰዓቱን ማን ቆጠረ? ልቁጠር። ባለ 12 ሰው ድርጅት፣ ከመካከላቸው 4ቱ በወር 40 ሙከራ ያደርጋሉ እንበል።

መዝገብ፦ 40 ሙከራ በ10 ደቂቃ፣ 400 ደቂቃ። በመዝገቡ ላይ የሚደረግ ሳምንታዊ ውይይት፦ 4 ሰው በ20 ደቂቃ በ4 ሳምንት፣ 320 ደቂቃ። ድምር 720 ደቂቃ፣ ማለትም በወር 12 ሰዓት።

ጥቅም፦ ከ40ው ሙከራ 6ቱ ቀድሞ የተሠራ ነገር መድገም ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ 5 ሰዓት ቢፈጅ፣ በወር 30 ሰዓት ይባክናል። መዝገቡ ግማሹን ቢያስቀር 15 ሰዓት። ስለዚህ 12 ሰዓት አውጥተን 15 ሰዓት እናገኛለን። 3 ሰዓት! ለዚህ ነው ይህ ሁሉ?

ስሌት

ስሌትህ ትክክል ነው፣ ብዙ አማካሪዎችም የማይነግሩት ይህንኑ ነው። ሁለት ነገር ግን ቀርቶሃል።

የመጀመሪያው የሚባክነው ጥሬ ዕቃ ነው፤ እንደየምርቱ ስለሆነ ቁጥር አልሰጥም። ሁለተኛው ይበልጣል፦ የሰው መሄድ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምርት ቢኖርና ያ ሰው ቢሄድ፣ እንደገና እዚያ ለመድረስ 80 ሙከራ በ5 ሰዓት፣ 400 ሰዓት ይፈጃል እንበል። በዓመት የመሄዱ ዕድል ከ5 አንድ ከሆነ፣ በአማካይ በዓመት 80 ሰዓት አደጋ ላይ ነው። ያንተ 3 ሰዓት በወር ደግሞ በዓመት 36 ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው ጥቅም ከዕለት ቁጠባ ሳይሆን ከመድን ወገን ነው የሚመጣው። መድን ደግሞ አደጋው እስኪደርስ ድረስ ኪሳራ ይመስላል፤ ድርጅቶች በስድስተኛው ወር የሚተውትም ለዚህ ነው።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ይወጣል፦ በወር 10 ሙከራ ብቻ ያለው ድርጅት ሳምንታዊ ውይይት አይገባውም። መዝገቡን ይያዝ፣ ውይይቱን በወር አንዴ ያድርገው። አሥራ ሁለቱንም ሰው ስብሰባ መጥራትም ወጪውን ሦስት እጥፍ ያደርጋል፣ ጥቅሙ ግን ባለበት ይቀራል።

ጥርጣሬ

ይህንን እቀበላለሁ። ግን ግማሹን ያስቀራል ያልኩት እኔው ነኝ፣ ለጋስ ሆኜ። መዝገቡ ካልተነበበ ዜሮ ያስቀራል።

ደረጃ በደረጃ

እንዲነበብ ማስገደጃው ቀላል ነው፦ አዲስ ሙከራ ሲከፈት «ቅርብ የሆነው የቀድሞ ሙከራ ቁጥር» የሚል ባዶ ቦታ ይኑር፣ ሳይሞላ ጥሬ ዕቃ አይወጣ። ቁልፉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋ ነው እንግዲህ። ;)

ለውይይቱም የአሜሪካ ጦር ከልምምድ በኋላ የሚያደርገው ግምገማ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ሆነ፣ ልዩነቱ ለምን መጣ፣ በሚቀጥለው ምን ይቀጥላል ወይም ይለወጣል። 20 ደቂቃ። «ማን አጠፋ» የሚል ጥያቄ የለም፣ ሆን ተብሎ። አንዴ አንድ ሰው በከሸፈ ሙከራ ደመወዙ ከተነካ፣ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ውስጥ የከሸፈ ሙከራ አይገኝም።

ለሰነድ ብዛት ጉርሻ መስጠትም እንደዚያው ነው። በወር አምስት ሰነድ ለጻፈ ሽልማት ካላችሁ አምስት ሰነድ ታገኛላችሁ፣ አራቱ ምንም የሌለባቸው። መሸለም ከተፈለገ የሌላውን ሙከራ ጠቅሶ የተጠቀመውም፣ የተጠቀሰውም ይሸለሙ።

ዕቃ ግምጃ ቤት

ቁልፉስ እኔ ጋ ይሁን፣ ችግር የለውም። ግን የቴሌግራሙን ግሩፕ ምን እናድርገው? ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚጽፈው።

ደረጃ በደረጃ

መከልከል አይሠራም። ግሩፑ ለመጠየቂያ ይቆይ፣ መልስ የሚኖረው ግን መዝገቡ ውስጥ ይሁን። ደንቡ፦ አንድ ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ከተጠየቀ የመለሰው ሰው መልሱን ወደ መዝገብ ያሻግራል፣ ግሩፑ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል። አንዴ ብቻ የተጠየቀውን ተዉት፣ ሁሉም ነገር መቀመጥ የለበትም።

ፎልደሩ ከሦስት ደረጃ በላይ አይውረድ። የፋይል ስም በቀን ይጀምር፣ ዓመት ከዚያ ወር ከዚያ ቀን፣ በራሱ እንዲደረደር። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ» የሚሉ ስሞች ይቅሩ። እያንዳንዱ መመሪያ ላይ የባለቤቱ ስምና የሚያልፍበት ቀን ይጻፍ፣ ስድስት ወር ይበቃል። ቀኑ ያለፈበት ሰነድ ወይ ይታደሳል ወይ ከሥራ ፎልደር ይወጣል። ያረጀ መመሪያ መመሪያ ከሌለ ይብሳል፤ መመሪያ የሌለው ሰው ይጠይቃል፣ ያረጀ የያዘው ሳይጠይቅ ይሳሳታል።

ሙከራ ቤት

ሦስተኛው ጥያቄዬ ቀረ። ምን ይለካ?

ስሌት

አራት ቁጥር፣ ከዚያ አይበልጥ። የተደገመ ሙከራ ድርሻ (ከ40 ስድስት ከሆነ 15 በመቶ)። ከሐሳብ እስከ መጀመሪያ ሽያጭ ያለው ቀን። አዲስ ሠራተኛ ብቻውን እስኪሠራ የሚፈጀው ቀን። ከጠቅላላ ሽያጭ ውስጥ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ምርቶች ድርሻ። የመጀመሪያው በወራት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ የመጨረሻው ከአንድ ዓመት በፊት ምንም አይልም፤ በሦስተኛው ወር ሽያጭ አይቶ «አልሠራም» ማለት ያልበሰለ ፍሬ መቅመስ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር ያለውን ቁጥር ያዙ፣ የተደገመውን እንኳ በግምት። ከዚያ በየሳምንቱ ነጥብ እያስቀመጣችሁ በቀድሞው መሃለኛ ቁጥር (ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ላይ አግድም መስመር አስምሩ። ምንም ለውጥ ባይኖር አንድ ነጥብ ከመስመሩ በታች የመዋሉ ዕድል ግማሽ ነው፤ 8 ነጥብ በተከታታይ ከታች የመዋሉ ዕድል ከ256 አንድ ነው። ስምንት በተከታታይ ካያችሁ አንድ ነገር ተለውጧል። ሁለትና ሦስት ጥሩ ሳምንት ግን ዕድል ነው።

የጥናት ጽሑፍ

ይቅርታ፣ ትንሽ ላቋርጥ። በዚሁ ርዕስ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰውስ? የተለመደው መጠይቅ ለሥራ አስኪያጆች አሰራጭቶ በአምስት ነጥብ መለኪያ ማስሞላት ነው።

ብራና ጠባቂ

እህቴ (ወይም ወንድሜ)፣ ዋናው ወጥመድ እዚያው ነው። ዕውቀት አያያዙንም ውጤቱንም አንድ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ቀን ከሞላ፣ በድርጅቱ ደስተኛ የሆነው ሁለቱንም 5 ይሰጣል፣ የከፋው ሁለቱንም 2። ግንኙነቱ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፣ የለካሽው ግን ስሜቱን ነው። ውጤቱን ከሒሳብ መዝገብ ውሰጂ፣ ካልተቻለ መጠይቁን ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ስጪ፤ አያያዙን ዘንድሮ፣ ውጤቱን ከአንድ ዓመት በኋላ ብትለኪ ደግሞ የተሻለ ነው። ክሮንባኽ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካ ቁጥር) 0.70 አለፈ ማለት ጥያቄዎቹ ይስማማሉ ማለት እንጂ እውነት ይናገራሉ ማለት አይደለም።

ፈጠራን በዕውቀት አያያዝና በውጤት መካከል አስገብተሽ ፈትሺ። ቀጥታውን መንገድ ብቻ ከፈተሽሽ ደካማ ቁጥር አግኝተሽ ግንኙነት የለም ትያለሽ። ቡትስትራፕ (ከራሱ መረጃ ደጋግሞ ናሙና እየወሰዱ ማስላት) በ5,000 ናሙና ሠርተሽ፣ በፈጠራ በኩል የሚያልፈው የተዘዋዋሪ ውጤት የመተማመኛ ክልል ዜሮን እንደማይነካ እዪ።

ሁለት ነገር ደግሞ በስሌት አይድንም። አንደኛው፣ መጠይቁ የሚደርሰው በሕይወት ላሉ ድርጅቶች ብቻ ነው፤ ዕውቀታቸውን በደንብ ይዘው የተዘጉት አይቆጠሩም። ሁለተኛው አቅጣጫው ነው፦ ትርፋማ ድርጅት ለመጻፍ ጊዜ አለው። የቱ የቱን እንዳመጣ በአንድ ጊዜ መጠይቅ አይታወቅም።

ጥርጣሬ

አንድ የረሳችሁት፦ ሁሉን በአንድ ቦታ አጥርቶ መጻፍ ለሚሄድ ሠራተኛ በፍላሽ የሚገለበጥ ስጦታ ነው።

ብራና ጠባቂ

እውነት ነው፣ ስለዚህ ሰነዱ ለሁለት ይከፈል። የትሪፕስ ስምምነት (የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት) 39ኛ አንቀጽ የንግድ ምስጢር ጥበቃን በሦስት ነገር ያስራል፦ መረጃው ምስጢር መሆኑ፣ ምስጢር በመሆኑ የገበያ ዋጋ ያለው መሆኑና ባለቤቱ ምስጢሩን ለመጠበቅ ተገቢ እርምጃ መውሰዱ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ድርጅት ባዶ እጁን ነው። ቀላሉ እርምጃ፦ መቶኛዎቹና የአቅራቢ ስሞች በአንድ የተቆለፈ ሰነድ፣ አሠራሩ በሌላ። በአሠራሩ ሰነድ ላይ ጥሬ ዕቃው በኮድ ይጠራ፣ ለማምረት የሚያስፈልገው ክብደቱና ቅደም ተከተሉ ነው። የተቆለፈውን ማን መቼ እንደከፈተ ይመዝገብ፣ ሠራተኛውም ምስጢር መሆኑን አውቆ ይፈርም።

ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ወደ ውጭ ነው። በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት ማመልከቻ ሳይገባ ለሕዝብ የተገለጸ ነገር፣ በጣም ጠባብ ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር፣ አዲስነቱን ያጣል፤ በአሜሪካ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ከገለጸ የ12 ወር ጊዜ አለው። ኤግዚቢሽን ላይ የተለጠፈ ፖስተርም መግለጽ ነው።

ሙከራ ቤት

ገባኝ። ሠንጠረዡን ሰኞ እንጀምራለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በባለቤቱ ላይ የሚቀሉት ረድፎች ቢበዙስ? ጊዜ የለኝም የሚል ከሆነ?

ቃለ መጠይቅ

እንዲጽፍ አትጠይቁት። የሚቀጥለውን ጉዳይ ራሱ ሲፈታ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ስልኩን ይክፈትና «አሁን ምን አይተህ ነው እንዲህ ያደረግከው?» ይበለው። ከአንድ ጉዳይ አንድ መስመር ብቻ ይውሰድ። ሁለተኛው ተመሳሳይ ጉዳይ ሲመጣ ያ ሰው ይሥራው፣ ባለቤቱ አጠገቡ ይቀመጥ።